ደረቅ ምላስ፣ እርጥብ አፍ

ጋሽ ዳልቄ ማረፋቸውን የነገረችኝ ልጃቸው አስቴር ናት። ስልኩን ሳነሳ ሰላምታም አላስቀደመች። "አባ አረፈ" አለችኝ። "ቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ አንተ ትጽፋለህ። ግን እንዳታሳምረው" አለች። ግማሽ ገጽ ጻፍኩ። የት እንደተወለዱ፣ ማንን እንዳገቡ፣ ስንት ልጅ እንዳፈሩ፣ በምን ሙያ እንደኖሩ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ በሁለት ደቂቃ አንብበው ጨረሱት። አስቴር ከፊት ረድፍ ዞር ብላ ራሷን ነቀነቀችልኝ። እዚህ የምጽፈው በዚያ ግማሽ ገጽ ላይ ያልገባውን ነው።

ጋሽ ዳልቄ ወንበር ሠሪ ነበሩ። ሶዶ ውስጥ፣ ወደ ሻንቶ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ፊት ለፊቱ ክፍት የሆነ የቆርቆሮ ቤት ነበራቸው። አናጺ ሲሏቸው አይወዱም። "አናጺ ቤት ትሠራለች። ሰው ይገባባታል፣ ይወጣባታል። እኔ የምሠራው ላይ ሰው ያርፋል" ይሉ ነበር። አማርኛቸው እንዲህ ነበር፤ ወንዱ ሴት፣ ሴቷ ወንድ እየሆነች። አፋቸውን የፈቱት በወላይትኛ ነውና እንደሳቸው የሚናገር በከተማችን ሞልቷል። በወላይትኛ ሲሆን ደግሞ ቃላቸው ውኃ ነው፤ ተንተባታቢው እኔ እሆናለሁ። ያኔ ግን ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ ግጥም እጽፋለሁ፣ የሰው ቋንቋ ማረም የተሰጠኝ ሥራ ይመስለኝ ነበር።

እንጀራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ከጋሽ ዳልቄ ቤት ጎን ሸምሱ የሚባል ስልጤ ምስማር፣ ቆርቆሮና ቀለም ይሸጣል። የሱ በረንዳ ላይ አንድ ጠረጴዛና አንድ ወንበር አኑሬ የቀበሌ፣ የፍርድ ቤት፣ የዕድር ደብዳቤ እጽፋለሁ። ጊዜው ከተማው ኮብልስቶን የሚነጠፍለት፣ ወጣቱ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅቶ ብረት የሚበይድበት ጊዜ ነበር። ደንበኛ ከሌለኝ ጊዜዬን የማሳልፈው ጋሽ ዳልቄን በማየት ነው።

"ጋሼ፣ ወንበር መጣች አይባልም፤ መጣ ነው" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ለምን?"

"ወንበር ወንድ ነዋ።"

መሯቸውን አስቀመጡና የወንበሩን እግር አነሱ። ጫፉ ተሞርዶ ቀጥኗል። "ይሄ ምላስ ነው" አሉኝ። ከዚያ መቀመጫውን ገልብጠው ቀዳዳውን አሳዩኝ። "ይሄ አፍ ነው። አንዷ ይገባል፣ አንዱ ትቀበላለች። እሺ፣ ታ ናዓው፣ አሁን ወንበር ወንድ ነች ወይስ ሴት ነው?"

ታ ናዓው ልጄ ማለት ነው። ሸምሱ ከባንኮኒው ጀርባ እስኪያስለው ሳቀ። "መልስላቸው እንጂ ገጣሚው! ዛሬ ምነው ቃል አጣህ?"

ያንን ቀን ለረጅም ጊዜ ያሰብኩት ግን ስለ ሰዋስው አልነበረም። ጋሽ ዳልቄ ምስማር አይመቱም፣ ኮላም አይቀቡም። ታዲያ ያ ምላስ ከዚያ አፍ ለምን አይወጣም? ምሳ ሊበሉ ሲገቡ ወንበሮቹን እየገለበጥኩ ሥራቸውን መርምሬያለሁ። በጥፍሬ ሁሉ ቆርቁሬያለሁ። ሸምሱ ያየኝና "ማግኔት ላውስህ?" ይለኛል። እሱ ራሱ ነገሩ ያሳክከዋል። ጠዋት ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ሰላምታው አንድ ነው፤ "ጋሽ ዳልቄ፣ በዚህ መንገድ ላይ ምስማር ገዝቶኝ የማያውቅ አንተ ብቻ ነህ። ምን በድዬህ ነው?"

"አንተ አልበደልክም። ምስማሯ ነው የበደለው" ይሉታል።

እኔ ስጠይቃቸው ደግሞ መልሳቸው አንድ ቃል ነበር። "ትነክሳለች።"

"ማን? ምኑን?"

"ትነክሳለች" ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ከዚህ የባሰ የሚገርመኝ የልካቸው ነገር ነበር። ሜትር ነበራቸው፤ ግን የሚጠቀሙበት እንጨት ሲገዙ ብቻ ነው። ወንበር ሊያሠራ የመጣን ሰው ጓሮ ይዘውት ይሄዱና እርጥብ አሸዋ የሞላበት ዝቅ ያለ ሣጥን ላይ "ተቀመጥ" ይሉታል። ከረባት ያሠረም ቢሆን ይቀመጣል። ሲነሳ እሳቸው ጎንበስ ብለው አሸዋው ላይ የቀረውን ያያሉ። ሐኪም ራጅ እንደሚያይ ነው የሚያዩት። አንድ ጊዜ አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ሱሪውን እያራገፈ ሲነሳ፣ "ጌታዬ፣ በግራ ነው የምትደገፈው። ኪስህ ውስጥ ወፍራም ነገር አለ" አሉት። ሰውየው ደንግጦ ኪሱን ያዘ። ትልቅ የቁልፍ ዘለላ ነበር። በኋላ ወንበሩ ሲደርስ ከግራ በኩል በጣም ጥቂት ዝቅ ብሎ አየሁት፤ ያልተነገረው ሰው አያየውም። ሰውየው ተቀምጦበት ለረጅም ጊዜ አልተነሳም።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከኋላ የሚቀመጡትም ለትሕትና ብቻ አልነበረም። ስብከቱ ሲረዝም ማን ቀድሞ እንደሚቁነጠነጥ፣ ማን ወደ ፊት እንደሚደፋ ያያሉ። "ሰው ቆሞ ይዋሻል። ተቀምጣ መዋሸት ይከብደዋል" አሉኝ።

ግጥሞቼን ማንበብ የጀመርኩላቸው አስተያየት ፈልጌ አልነበረም፤ ሌላ የሚሰማኝ ስላልነበረ ነው። ቦይና የሚባለውን ጎደሬ በዳጣ እያጠቀሱ ያዳምጣሉ። አንብቤ ስጨርስ ዳጣ በተቀባ ጣታቸው ደብተሬን ሳይነኩ አንድ መስመር ላይ ያመለክታሉ። "ይሄ ቃል፣ ብታነሳው ይወድቃል?"

"ምኑ?"

"ግጥሟ። ይሄን ብታነሳ ግጥሟ ይወድቃል?"

"አይወድቅም።"

"ታዲያ ምን ተሸክሞ ነው የቆመው?"

ተናድጄ ደብተሬን ይዤ እወጣለሁ። በረንዳዬ ላይ ስደርስ ቃሉን እሰርዛለሁ። ይህን ግን አንድም ቀን አልነገርኳቸውም።

አስቴር ያኔ ሠላሳ ልትሞላ ነበር። ከአባቷ ጋር የምትሠራ ብቸኛ ሰው እሷ ናት። እጇ ከሳቸው ፈጣን ነው፣ ወሬዋ አጭር ነው። ወንድሞቿ አንዱ መምህር፣ አንዱ ሹፌር ሆነዋል። ከቤሌ በአይሱዙ የሚመጣውን ግንድ ልጣጩን እያሸተተች የምትመርጠው እሷ ናት። ግን ደንበኛው እየሳሳ ነበር። ሰው የሚደራረብ የፕላስቲክ ወንበር ይገዛል። ሐዋሳ ያለው የአክስቷ ልጅ የብረት ወንበር የሚበይድበት ቤት ከፍቶ፣ ነይና አብረን እንሥራ እያለ በሳምንት ሦስት ጊዜ ይደውልላታል። እሷ ከሄደች የጋሽ ዳልቄ ሥራ ከሳቸው ጋር እንደሚያበቃ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ይህን ጮክ ብሎ የሚናገር ግን አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ወደ አርባ ምንጭ መውጫ ላይ ይሠራ የነበረ አንድ አዲስ ሎጅ ማስታወቂያ ለጠፈ። ለመመገቢያ አዳራሹ ሃያ አራት ወንበር፣ "ባህላዊ የእጅ ሙያን የጠበቀ" ይላል። ከአዲስ አበባ የመጣች ዲዛይነር የነደፈችው ሥዕል ተያይዟል። በሥዕሉ መሠረት አንድ ናሙና ተሠርቶ፣ ስለ አሠራሩ ከሚያስረዳ ደብዳቤ ጋር በሳምንት ውስጥ ይቅረብ ይላል። አስቴር ሥዕሉን አጥፋ ኪሷ ከተተች። "ይሄን ካገኘን እቀራለሁ" አለችኝ በረንዳዬ አጠገብ ስታልፍ። "ካላገኘን ግን እዚህ አብሬው የማረጀው ለምንድነው?"

ጋሽ ዳልቄ ሥዕሉን ሲያዩ ዓይናቸው ውስጥ የሆነ ነገር በራ። መደገፊያው ወደ ኋላ ቀጠን ብሎ የሚለመጥ፣ እግሮቹ ከላይ ሰብሰብ ከታች ሰፋ ያሉ፣ ቆንጆ ወንበር ነበር። "የሣለችው ልጅ ተቀምጦ ነው ያሰበው" አሉ። በሁለት ቀን ተሠራ። እግሮቹ ከወይራ፣ መቀመጫው ከዋንዛ።

ከዚያ ደብዳቤውን እንድጽፍ ጠሩኝ። ቆመው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ነገሩኝ። "እንዲህ በል። እግሩ ደረቅ ነች። መቀመጫው እርጥብ ነው። በሦስት ወር ትነክሳለች። አለቀ።"

እኔ የተሳሳቱ መሰለኝ። እርጥብ እንጨት የሚሸጥ ሰው ራሱ እርጥብ ነው ብሎ ይጽፋል? ለማለት የፈለጉት ሌላ ይሆናል፣ አማርኛው አስቸግሯቸው ነው አልኩ። ደግሞ ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ለአንድ ሎጅ ያንሳል። እንዲህ ብዬ ጻፍኩት፦ "ወንበሮቹ ለዓመታት በጥንቃቄ ከደረቀ፣ እርጥበት ከማያውቀው ምርጥ እንጨት፣ ከአባቶች በወረስነው ጥበብ የታነጹ ናቸው።" "እርጥበት ከማያውቀው" የምትለዋን ስጽፍ በራሴ ኮራሁ። መነጽራቸው ቤት ስለነበረ ሳያነቡ ፈረሙ። አስቴር ወስዳ አነበበችው፣ አጠፈችው፣ ፖስታ ውስጥ ከተተችው።

በቀኑ ሦስታችን ወንበሩን ይዘን በባጃጅ ሄድን። ሌሎች ናሙና ያመጡ ሰዎች በኮሪደሩ ተደርድረዋል። ተራችን ሲደርስ ዲዛይነሯ፣ ሶስና ትባላለች፣ ከወንበሯ ተነሥታ መጣች። ወንበሩን ገለበጠችው። ከሥሩ እጇን አስገብታ ዳሰሰች።

"ምስማር የለውም?"

"የለም" አሉ ጋሽ ዳልቄ።

"ኮላስ?"

"የለም።"

ፈገግ አለች። ያንን ፈገግታ ሳይ ያለቀ መስሎኝ አስቴርን በክርኔ ነካኋት። ሶስና ከቦርሳዋ ጭንቅላቱ ላይ እንደ እሾህ ያሉ ሁለት መርፌዎች ያሉት ትንሽ መሣሪያ አወጣች። እግሩ ላይ ተጫነችና ቁጥሩን አየች፤ ጥሩ አለች። መቀመጫው ላይ ተጫነች። ግንባሯ ተቋጠረ። ሌላ ቦታ ሞከረች።

"ይሄ እኮ እርጥብ ነው።"

"አዎ!" አሉ ጋሽ ዳልቄ፤ አንድ ሰው በመጨረሻ ስላወቀላቸው ፊታቸው ፈካ። "እርጥብ ነች!"

የሎጁ ሥራ አስኪያጅ ደብዳቤውን አነሳ። ጮክ ብሎ አነበበው። "ለዓመታት በጥንቃቄ ከደረቀ፣ እርጥበት ከማያውቀው..." እዚያ ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ አያቸው። የኔ ዓረፍተ ነገር በሰው አፍ እንዲያ ሲያስጠላ ሰምቼው አላውቅም።

ጋሽ ዳልቄ እጃቸውን ዘረጉ። ወረቀቱን ተቀብለው ከዓይናቸው አራቁት፣ አቀረቡት። ፊርማቸውን በጣታቸው ነኩት። "ፊርማዋ የኔ ነው" አሉ።

"እንግዲያው ዋሽተውናል ማለት ነው" አለ ሥራ አስኪያጁ።

እኔ ለመናገር የወሰደብኝን ጊዜ ዛሬም አስበዋለሁ። ያን ያህል ረጅም አልነበረም፤ ሆኖም ሰው እንደ ውሸታም ሲታይ ቆሞ ለማየት በቂ ነበር።

"እኔ ነኝ የጻፍኩት" አልኩ። "እሳቸው እንዲህ አላሉም። እኔ ነኝ ያሳመርኩት።"

"ምን ነበር ያሉት?" አለችኝ ሶስና።

ነገርኳት። እንዳሉት፣ ወንዱንም ሴቱንም ሳላርም። ሥራ አስኪያጁ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። "ለምንድነው መቀመጫው እርጥብ የሚሆነው?" ብላ ጋሽ ዳልቄን ጠየቀቻቸው። ከአንድ ዓመት በላይ ያሳከከኝ ጥያቄ መልስ ያገኘው እንግዲህ እዚያ ነው፣ በራሴ ጥፋት መሐል።

"እግሩ ዓመት ሙሉ ቆጥ ላይ ጭስ ጠጥታለች። ከእንግዲህ አትቀጥንም፤ ጨርሷል" አሉ። "መቀመጫው ግን ገና ይደርቃል። ስትደርቅ አፉ ይጠባል። ስትጠብ ምላሱን ትነክሳለች። ምስማርን ዝገት ይበላታል። ኮላ በሙቀት ይለቃል። ይሄ ግን በቆየ ቁጥር ይጠነክራል። ሁለቱም ደረቅ ከሆኑ አይናከሱም። ሁለቱም እርጥብ ከሆኑ አብረው ይሸሻሉ።"

"አሁን ነክሷል?"

"አልነከሰም። አምስት ቀኗ ነው።" ይህን ብለው ጎንበስ አሉና አንዱን እግር በሁለት እጃቸው ጠምዘዝ አድርገው ነቀሉት። አስቴር ዓይኗን ጨፈነች። ሊያስመርጣቸው የመጣውን ወንበር በሰው ፊት በገዛ እጃቸው ፈቱት፤ እውነቱን ለማሳየት ሌላ መንገድ አልታያቸውም።

ሶስና እግሩን ተቀብላ አሸተተችው። በቀዳዳው አጮልቃ አየች። ለረጅም ጊዜ ያዘችው። "ይህ በደብዳቤው ላይ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ቀኑን አስልቼ እከራከርላችሁ ነበር" አለች በዝግታ።

"በስድስት ሳምንት ውስጥ እንከፍታለን" አለ ሥራ አስኪያጁ። "ደብዳቤያችሁና ዕቃችሁ አልገጠሙም። የሚቀጥለው ይግባ።"

ስንመለስ አስቴር የተነቀለውን እግር ጭኗ ላይ አጋድማ ይዛዋለች። ባጃጁ ኮብልስቶኑ ላይ ሲንገጫገጭ ጋሽ ዳልቄ በወላይትኛ ጠየቋት፤ "አንብበሽው ነበር?"

"አንብቤዋለሁ፣ አባ።"

"እርጥብ መሆኑንም ታውቂ ነበር።"

"አውቅ ነበር። እርጥብ ነው ካልን ማን ይገዛናል ብዬ ነው።"

የባጃጁ ሹፌር ሙዚቃውን ቀነሰ። ቤታቸው ደጃፍ ስንወርድ ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ በረንዳዬን ሁሉ ለመቀየር አስቤ ነበር። "አንተ ያላወቅከውን ጻፍክ" አሉኝ አሁንም በወላይትኛ። "እሷ ያወቀችውን ደበቀች። ሁለታችሁም ለኔ ብላችሁ ነው። ይሄ ነው የከበደኝ።"

በማግስቱ ጠዋት ሸምሱ ገና ሱቁን ሲከፍት ጋሽ ዳልቄ ባንኮኒው ፊት ቆመው ነበር። እኔ ጠረጴዛዬን እየጠረግኩ ነው።

"ምስማር ስጠኝ" አሉት። "አንድ ኪሎ።"

ሸምሱ የቆርቆሮ በሩን እንደያዘ ቀረ። "ምን አልክ?"

"ምስማር። የወንበር።"

"ለማን?"

"ለአስቴር።"

"አልሸጥም" አለ ሸምሱ።

"ሱቅ አይደለም ይሄ?"

"ጋሽ ዳልቄ፣ እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት የቀለድኩት እንድትገዛኝ መሰለህ?" ፊቱ ቀልቷል። "ሂድ ሌላ ቦታ ግዛ። ከኔ ግን አትገዛም።"

"ሌላ ቦታ ከገዛሁ ሰው ምን ይላል? ጎረቤቷን ትቶ ሄደች አይልም?"

ሸምሱ መዘነላቸው። ሲመዝን አላያቸውም፤ ወደ መንገዱ ነበር የሚያየው። ጋሽ ዳልቄ ከረጢቱን ወስደው አስቴር በምትሠራበት በኩል አስቀመጡና በወላይትኛ፣ "ይሄ ያንቺ ነው" አሏት። "ሐዋሳ አትሂጂ። እዚሁ በደረቅ እንጨት፣ በምስማር ሥሪ፣ በምስማር የተሠራ ነው ብለሽ ሽጪ። ለኔ ሥራ ብለሽ ከምትዋሺ የኔ ሥራ ይቅር።"

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። መላጊያቸውን አንስተው ጀርባቸውን ሰጧት። የሚላግ እንጨት ግን ፊታቸው አልነበረም።

አስቴር ከረጢቱን እያየች ቆየች። ከዚያ ብድግ አድርጋው ወጣች፣ የሸምሱ ባንኮኒ ላይ አኖረችው።

"መልስልኝ።"

"የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" አላት። ከራሱ በላይ የለጠፈውን ወረቀት በአገጩ አሳያት። "ይኸው ተጽፏል። ይሄ ነው የጻፈልኝ።" እኔን ነው።

አየችኝ። ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ከረጢቱን ይዛ ተመለሰች፣ መዶሻ አነሳች፣ ሣጥን ላይ ወጣች። ከጣሪያው ሥር ቤቱን ከዳር እስከ ዳር የሚያያይዝ ወፍራም አግዳሚ አለ። የመጀመሪያውን ምስማር እሱ ላይ መታች። ግማሹ ሲገባ ተወችና አንድ ክንድ ያህል ርቃ ሁለተኛውን መታች። በዚያ ቤት ምስማር ሲመታ ተሰምቶ አያውቅምና ሸምሱ ሮጦ መጣ፤ በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ቆመ። አግዳሚው ዳር ደርሳ ስትወርድ ከሃያ በላይ ምስማር ተደርድሮ ነበር።

የናሙናውን እግር አንስታ ቀዳዳው ውስጥ ከተተችው፣ በእንጨት መዶሻ ሁለት ጊዜ መታችው። ወንበሩን ከፍ አድርጋ በመደገፊያው በሁለት ምስማር ላይ ሰቀለችው።

"ሦስት ወር እዚህ ይቆያል" አለች፤ ለማን እንደምትናገር ግልጽ አልነበረም። "ከዛሬ ጀምሮ ሳይነክስ ከዚህ ቤት የሚወጣ ወንበር የለም። የቸኮለ ፕላስቲክ ይግዛ።"

ጋሽ ዳልቄ ከሥሩ ቆመው አንጋጠጡ። ወንበሩን ሳይሆን ምስማሮቹን ነበር የሚያዩት። "ሦስተኛዋ ጠማማ ነው" አሉ በአማርኛ።

ሸምሱ ዓይኑን በእጀታው ጠረገ። "ምስማሩ አይደለም የጠመመው፣ አመታቷ ነው። የኔ ምስማር ቀጥ ያለ ነው።"

ስልኳ ጠራ። የሐዋሳው የአክስቷ ልጅ ነበር። "አልመጣም" ስትለው ሰማሁ። "ሦስት ወር የሚያቆየኝ ሥራ ይዣለሁ።" ጠየቃት መሰለኝ፤ "ከዚያ በኋላማ ሌሎቹ ወንበሮች ተራቸውን ይይዛሉ" ብላ ዘጋችው።

ከካርቶን ትንሽ ቁራጭ ቆርጣ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። "እግሩ የገባበትን ቀን ጻፍልኝ። ወንበሩ ላይ አንጠለጥለዋለሁ።"

"የዛሬን?"

"የዛሬን። ትናንት ወጥቷል እኮ።"

ጻፍኩ። እስክሪብቶዬን ከካርቶኑ ሳላነሳ፣ "ሌላስ ምን ልጨምር?" አልኳት።

"ቀኑን ብቻ።"

ሰጠኋት። እዚያው ቆማ አነበበችው። ገልብጣ ጀርባውን አየች፣ እንደገና አነበበችው፣ ከዚያ ሄዳ ሰቀለችው።